ባለ አንድ ዓይኑ በሽተኛ

ደብረ ማርቆስ ላይ «ሥራህ ምንድን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ያህል የሚያደክመኝ ነገር የለም። «አኒሜሽን እሠራለሁ» ካልኩ «የልጆች ነው?» ይሉኛል። «አይደለም፤ የመድኃኒት ነው» ስል ነገሩ ይብሳል። የሰፈራችን ግማሽ ሰው እስካሁን ፋርማሲስት ነው ብሎ ይዞኛል። አንዲት ጎረቤታችን ያለቀ የጨጓራ ክኒን ማሸጊያ ይዘው መጥተው «መቼም እቺን የምትመስል አታጣም» ብለውኛል። እኔ ያለኝ የጨጓራ ሥዕል ብቻ ነው። ሥዕሉ ይንቀሳቀሳል፣ ይቆጣል፣ አሲድ ይረጫል፤ ማንንም ግን አያድንም።

ሥራዬ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ የመድኃኒት አስመጪዎች፣ አንዳንዴም የሕክምና መምህራን፣ መድኃኒት ሰውነት ውስጥ ገብቶ የሚሠራውን በሁለት ደቂቃ ተንቀሳቃሽ ሥዕል እንዳሳይላቸው ያዙኛል። መምህራኑ ሁሉም ነገር እንዲገባ ይፈልጋሉ፤ እያንዳንዷ ሕዋስ ስሟ ካልተጻፈባት እንቅልፍ አይወስዳቸውም። አስመጪዎቹ ደግሞ ከመድኃኒታቸው በቀር ሌላ ነገር ባይታይ ደስታቸው ነው። አንዱ «ባክቴሪያው ይበልጥ ክፉ ይምሰል» አለኝ። እንዴት አድርጌ ብዬ ስጠይቀው «ቀንድ ጨምርበት» አለ። ባክቴሪያ ቀንድ የለውም ብዬ በስልክ ብዙ ተከራከርኩ፤ በመጨረሻ ቀንድ አበቀልኩለት። የሚስቅ ኩላሊትም ሠርቻለሁ። ያኔ ኔትወርክ ጠፍቶ ስለነበር ፊልሙን በፍላሽ አድርጌ ለአዲስ አበባ አውቶቡስ ሾፌር ሰጠሁት፤ ሰውዬው ደጀን ላይ ምሳ ሲበላ ጠረጴዛ ላይ ረሳው፤ ኩላሊቴም እዚያው ምግብ ቤት ከርሞ ሌላ ሾፌር ነው ያሻገረው። እናቴ ያንን ኩላሊት አይታ «ታዲያ ምን አግኝቶ ነው የሚስቀው?» ብላኝ ነበር። እኔም ስሠራው ይህንኑ ስጠይቅ ነው የሰነበትኩት።

አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ናቸው። እሳቸው ከአባታቸው ተማሩ፤ እኔን ደግሞ ሊያስተምሩኝ ሞክረው ኮምፒውተር ቀደማቸው። ለሥራዬ ያላቸውን አስተያየት ሳይጠየቁ ይናገራሉ። «ቆሞ ያልተናገረ ሥዕል ቢሮጥም አይናገርም» ይላሉ። አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ላይ ሥልጠና ወስጄ ስመለስ፣ አሠልጣኙ እያንዳንዳችንን «የተመስጦ ምንጭህ ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ አጥቼ ማፈሬን ነገርኳቸው። ከሥራቸው ቀና እንኳ አላሉም። «ተመስጦ ለባሕታዊ ነው» አሉ። «ሠዓሊ ቁርሱን በልቶ ይሥራ።»

ይህ ሁሉ ሲሆን አባቴ ከዕቃ ጋር መላተም ጀምረው ነበር። የቀለም ጣሳ በእግራቸው ይደፋሉ፤ ከዚያ ጣሳውን ማን እዚህ አስቀመጠው ብለው ይቆጣሉ። ራሳቸው ናቸው ያስቀመጡት። የበሩ መቃን ትከሻቸውን በሳምንት አንድ ጊዜ ያገኘዋል። አስፋልት ሲሻገሩ ባጃጅ ከጎናቸው ድንገት ብቅ እያለ ያስደነግጣቸዋል፤ እሳቸው እንደሚሉት ደግሞ ጥፋቱ የባጃጅ ነጂዎች ነው፤ የዛሬ ልጆች ከመሬት ውስጥ ነው የሚወጡት። እናቴ «አንተ ሰውዬ፣ ዓይንህን ታይ» ስትላቸው መርፌና ክር ያስመጡና አንድ ጊዜ ሞክረው ያስገባሉ። «ዓይን ማለት ይኼ ነው» ይላሉ፤ ክርክሩም እዚያ ላይ ያልቃል።

እኔም ብዙም አላሰብኩበትም ነበር፤ የዓይን ጠብታ የሚያስመጣ ድርጅት ስለ ዓይን ግፊት ፊልም እንድሠራ እስኪያዘኝ ድረስ። ሐኪሞች ግላኮማ ይሉታል። ለሥራው የላኩልኝን ማብራሪያ ቁጭ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ፦ አያምም፣ አያቀላም፣ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። እይታን የሚወስደው ከዳር ጀምሮ ነው፤ መሐሉን መጨረሻ ላይ ይነካዋል፤ ስለዚህ በሽተኛው እስከ መጨረሻው ድረስ በደንብ የሚያይ ይመስለዋል። በዘር ይተላለፋል። አያቴ ዓይነ ስውር ሆነው ነው የሞቱት፤ በቤታችን «ዕድሜ ነው» ይባል ነበር። ይህን እያነበብኩ ግቢ ውስጥ ጣሳ ሲንኳኳ ሰማሁ፤ ቀጥሎ የአባቴ ስድብ። ፈራሁ። ሌላ ቃል የለኝም።

ያን ሰሞን ደግሞ ከይጁቤ ወዲያ ያለ አንድ ደብር አዲስ ሕንጻ አሠርቶ የግድግዳውን ሥዕል ለአባቴ ሰጥቷቸው ነበር። በዕድሜያቸው ይህን የሚያህል ሥራ ይዘው አያውቁም። ሥዕሉ አቡጀዴ ጨርቅ ላይ ቤት ውስጥ ተሠርቶ ኋላ ነው ግድግዳው ላይ የሚለጠፈው። የሳሎናችንን አንድ ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር የሸፈነ ነጭ ጨርቅ ወጥረው ነጋ ጠባ ፊቱ ቆመው ያስባሉ። እንግዲህ ከሐኪም ፊት ሄደው ዓይናቸው መታየት የነበረበት ያን ጊዜ ነው፤ እሳቸው ግን «ሥራ ይዣለሁ» አሉ። ጸበል እንሂድ ብላቸው «ደህና ዓይን ይዤ የበሽተኛ ጸበል አላባክንም» አሉኝ። ማብራሪያውን ላነብላቸው ስጀምር ወጥተው ሄዱ።

ስለዚህ ፊልሙን ለእሳቸው ሠራሁት። የከፈለው አስመጪው ነው፤ እኔ ግን እያንዳንዱን ሥዕል ስሠራ «ይህን ካዩ ይገባቸዋል» እያልኩ ነበር። አልዋሽም፣ ያማረ ፊልም ነበር። ዓይን ውስጥ ሁልጊዜ የሚመነጭ ጥርት ያለ ውሃ አለ፤ እንደ መስኖ ቦይ መውጫ አለው፤ መውጫው ሲደፈን ውሃው ይጠራቀምና ከኋላ ያለውን ነርቭ ይጫነዋል። ይህን ሁሉ በብርሃን አጥቤ አሳየሁት። ዓይን ለሁለት ተከፍሎ የሚሣለው ከጎን ነው፤ የሕክምና መጽሐፍ ሁሉ እንደዚያ ነው። ስለዚህ በሽተኛዬንም ከጎን አድርጌ ሣልኩት፦ አንድ ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ፣ አንድ ጉንጭ፣ አንድ ዓይን። በዚያ ዓይን ወደ ውስጥ እንገባለን፤ ችግሩን እናያለን፤ ጠብታው ይመጣል፤ ነርቩ ይተነፍሳል።

ፊልሙ መጀመሪያ የታየው ከተማው ውስጥ ባለ አንድ የዓይን ክሊኒክ፣ በሽተኞች ተራ በሚጠብቁበት አዳራሽ ነው። የአስመጪው የገበያ ኃላፊ ከአዲስ አበባ ድረስ መጥቷል። ሱፍ ለብሷል፣ ጫማው እንደ መስታወት ያበራል፣ የድርጅቱን በራሪ ወረቀት በሁለት እጁ ታቅፏል። ከገጠር የመጡ እናቶችና አባቶች አግዳሚ ወንበሩን ሞልተው ቴሌቪዥኑን ያያሉ። በሽተኛዬ ብቅ እንዳለ አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ።

«ማነው ይኼ?» አሉ ጎናቸው የተቀመጡትን ሽማግሌ።

«እንጃ። ባለ አንድ ዓይን ነው። ጌታን ከሰቀሉት ወገን ይሆናል።»

 በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ፊቱን ወደ እኛ መልሶ በሁለት ዓይኑ ነው የሚሣለው፤ ክፉ ሰው ከጎን ነው፣ በአንድ ዓይን። ይህን ለጎጃም ገበሬ ማስተማር አያስፈልግም፤ ከእናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ ግድግዳ እያየ ያደገበት ነገር ነው። አዳራሹ በሙሉ በአንድ ጊዜ ነገሩ ገባው፦ ሰውዬው ኃጢአት ሠርቷል፤ ቅጣቱ በዓይኑ መጥቷል። ውሃው ሲጠራቀም አንዳንዶቹ አማተቡ። ጠብታው ወርዶ በሽተኛዬ ዓይኑን ጨፈን ሲያደርግ ደግሞ ሽማግሌው በትራቸውን መሬት ላይ መትተው «ይበለው!» አሉ። ከኋላም «እሰይ!» ያለ ሰው ሰማሁ።

ፊልሙ ሲያልቅ የገበያ ኃላፊው በፈገግታ ወረቀቱን ማደል ጀመረ። የተቀበለው የለም። አሮጊቷ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ደበቁና «የሱን መድኃኒት ለኔ? ምን በደልኩ ልጄ?» አሉት። ሰውዬው ወደ እኔ ዞሮ «ምን ሆነዋል?» ሲለኝ ነገርኩት። ጫማውን አየ። «ስለ ብራንዱ ታስቦ ነው የተሠራው?» አለኝ ቀጥሎ። እኔ ስለ ብራንዱ ሳይሆን መሬት ተከፍታ እንድትውጠኝ እያሰብኩ ነበር። የሠዓሊ ልጅ ነኝ እኮ!

ቤት ገብቼ ለእናቴ በሹክሹክታ ስነግራት አባቴ በረንዳ ላይ ሆነው ሰምተዋል። ሳቃቸው ከውጭ መጣ፤ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። ገብተውም ሳቁ። «ይበለው አሉ?» ይሉኛል። «አዎ» እላለሁ። እንደገና ይስቃሉ። «ስንት ዓመት ተምረህ፣ ስንት ሺህ ብር ኮምፒውተር ገዝተህ፣ በሽተኛን አስረግመህ መጣህ!» ከዚያ እንባቸውን በጋቢያቸው ጠርገው «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው። ወረቀት አምጣ» አሉ። የፈለግሁትን ሳልለምን አገኘሁ፤ ፊልሙን ሊያዩት ነው። ለማረምም ቢሆን ሊያዩት ነው።

አዲሱን በሽተኛ አባቴ ሣሉት። ፊቱን ወደ እኛ የመለሰ ሽማግሌ፣ ሁለት ትልልቅ ዓይኖች፣ ትንሽ የተከፋ አፍ። እኔ ፎቶ አንስቼ ኮምፒውተር ውስጥ አስገባሁና እንዲተነፍስና ዓይኑን እንዲያርገበግብ አደረግሁት። ከፊት ለፊት ሆነን እንዴት ወደ ዓይን ውስጥ እንግባ ብዬ ስጨነቅ «በደጅ ግባ እንጂ፤ በጓሮ የሚገባ ሌባ ነው» አሉኝ። በብሌኑ በኩል ገባን፤ አማረ። ከዚያ በመጨረሻው ላይ ተጣላን። የገበያ ኃላፊው፣ ሽማግሌው ጠብታውን ከተጠቀመ በኋላ ፀሐይ እንድትወጣለት፣ የደበዘዘው ሁሉ እንዲፈካለት ፈልጓል። የጠፋ እይታ በጠብታ አይመለስም፤ ጠብታው የቀረውን ነው የሚጠብቀው። «ይኼ ላም አለኝ በሰማይ ነው» አልኩ። አባቴ ግን ከገበያ ኃላፊው ጋር ቆሙ፤ ሰውዬውን አይተውት ሳያውቁ።

«ፀሐይዋን አውጣለት» አሉኝ። «እኔ ገሃነምን ብቻ ስዬ ብወርድ ማን ቤተ ክርስቲያን ይገባል? ሰው ተስፋ ነው የሚገዛው።»

«ውሸት ነው እኮ አባባ።»

«የኩላሊት ጥርስ ሠርተህ በላህበት አይደል?»

 ፀሐይዋ ወጣች።

ሲያልቅ ከአንድ መምህር ፕሮጀክተር ተውሼ መጣሁና በአባቴ ነጭ ጨርቅ ላይ ላሳያቸው ፈለግሁ። ጨርቁ ለቅዱሳን ነው የተወጠረው ብለው አጉረመረሙ፤ በኋላ «ብርሃን አያቆሽሽም» ብለው ራሳቸው መስኮት ዘጉ። እሳቸው በርጩማ ላይ ጨርቁ አጠገብ፣ እናቴ ከኋላቸው ተቀመጡ። መግቢያው ላይ በሽተኛው በገበያ ቀን ከሰው መሐል ተቀምጦ ይታያል። ገበያው እንዲሞቅ ብዬ ከቀኝ ዶሮ የያዘች ሴት፣ ከግራ ጭነት የተሸከመ አህያ እንዲገቡ አድርጌያለሁ። አባቴ ዓይናቸውን ከበሽተኛው ፊት አልነቀሉም፤ የራሳቸውን ሥራ ነው የሚያዩት።

«አቁም፣ አቁም» አሉ። «ይቺ አህያ ከየት ዱብ አለች?»

«ከዳር ነው የምትመጣው።»

«ምን ዳር! አፈፍ ብላ መሐል ተገኘች እኮ። ሰይጣን ናት እንዴ? አስተካክላት።»

እናቴ ከኋላ «ኧረ ቆይታለች» አለች። «ጆሮዋ ከታየ ቆየ።»

ከመጀመሪያው አስጀመርኩት። አባቴ እንደገና እዚያው ቦታ ላይ «ይቺት! አሁን መጣች!» አሉ። አህያዋ ጨርቁን ግማሽ ያህል ተጉዛለች። ዶሮዋን የያዘችው ሴትም እንደዚያው። ፊልሙን አህያዋ ዳር ላይ ሳለች አቆምኩትና «አባባ፣ ዓይንዎን ከሰውዬው ፊት ሳያነሡ፣ አህያ አለች?» አልኳቸው።

«የለችም።»

«አሁን ዞር ብለው ይዩ።»

ዞሩ። አህያዋ ሁለት ጆሮዋን አቁማ ቆማለች። አባቴ ለረጅም ጊዜ አዩዋት። መጀመሪያ ፕሮጀክተሩ ተበላሽቷል አሉ። ከዚያ አንድ ዓይናቸውን በእጃቸው ሸፈኑ፤ ቀጥሎ ሌላኛውን።  

ቀጥሎ ያደረጉትን የሚያደርገው ሠዓሊ ብቻ ነው። ለእናቴ የንድፍ ከሰላቸውን ሰጡና ጨርቁ አጠገብ አቆሟት። እኔን «አህያዋን ብቻዋን አድርጋት፤ ከዳር ወደ መሐል ቀስ እያደረግህ አምጣት። እኔ ሳያት አሁን እላለሁ፤ አንቺ አፍንጫዋ ካለበት ላይ ነጥብ አድርጊ» አሉ። ዓይናቸውን የበሽተኛው ፊት ላይ ተክለው ተቀመጡ። አህያዋን ከግራ አመጣኋት። ከቀኝ አመጣኋት። ከታች ወጣች፤ ከሰማይ ወረደች። እናቴ አህያ ከሰማይ ስትወርድ አይታ ሳቋን መያዝ አቅቷት ነበር፤ ነጥቦቹ ሲበዙ ግን ሳቁ ጠፋ። መጨረሻ ላይ አባቴ ተነሥተው ነጥቦቹን በራሳቸው እጅ በመስመር አገናኟቸው። መሐል ላይ ጠርዙ ተቆርሶ የተበላ እንጀራ የሚመስል ትንሽ ክብ ወጣ።

ከዚያ እናቴን በርጩማው ላይ አስቀምጠው ለሷም እንደዚያው አደረጉ። እሷ አህያዋ ገና አፍንጫዋን ስታስገባ «አየሁ» ትላለች። የሷ መስመር ጨርቁ ጠርዝ ላይ ደርሶ ቦታ አለቀ። አባቴ ኋላ ብለው ሁለቱን ንድፎች አንዱን በሌላው ውስጥ አዩ። ማብራሪያ ሳነብ ጥለውኝ የወጡት ሰውዬ፣ ሥዕል ግን አይክዱም። «አባቴም እንዲህ ነበሩ ማለት ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ጣሳ ይደፉ ነበር። እኔን ነበር የሚገርፉኝ።»

በማግስቱ ክሊኒክ ሄድን። የዓይን ሐኪሟ ወጣት ናት፤ በባለ አንድ ዓይኑ ፊልም ጊዜ ስለነበረች ሳቋን እየዋጠች ነው የተቀበለችን። ግፊቱን ለካችው፤ መሣሪያ ውስጥ አስቀምጣ ብርሃን ሲያዩ ቁልፍ እንዲጫኑ አደረገቻቸው፤ ከዚያ ወረቀት ወጣ። በሁለቱም ዓይን ዙሪያው ጠቁሯል፤ በላይ በኩል ተቆርሷል። አባቴ ወረቀቱን አይተው «ይኼን እኔ ትናንት በአህያ ሠርቼዋለሁ» አሏት። አልገባትም። የኔንም ዓይን ለካችው። ለጊዜው ደህና ነው፣ በየዓመቱ ና አለችኝ። ያን ጊዜ አባቴ ትንፋሻቸውን ሲለቁ ሰማሁ፤ የራሳቸው ሲነገራቸው እንኳ እንዲያ አልተነፈሱም።

«የሄደው ይመለሳል?» ብለው ጠየቋት።

«አይመለስም አባባ። ጠብታውን ሳያቋርጡ ካደረጉ የቀረውን እናቆየዋለን።»

«በጨርቅ ላይ አንዲት ፀሐይ ነበረች» አሉ። 

በባጃጅ ስንመለስ ነጂውን አልሰደቡትም። እሱ ነው ያስፈራኝ። ቤት በር ላይ ስንወርድ ክንዴን ያዙኝ። «ፀሐይዋን አውጣት» አሉኝ። «ያስወጣሁህን ፀሐይ አንሣት ማለቴ ነው። ያ ሰውዬ ጠብቆ ጠብቆ ሳትመጣ ስትቀር ጠብታውን ይተወዋል። ነገሩ ሲነገረኝ ነው የገባኝ።» አነሣኋት። በምትኳ ሽማግሌው ገበያው መሐል ራሱን ወደ ግራ ያዞርና አህያዋን ያያታል፤ ፊልሙ እዚያ ላይ ያልቃል። የገበያ ኃላፊው ስልክ ደውሎ ጮኸ። «አህያ ምን ዓይነት ኢሞሽን ይፈጥራል?» አለኝ። ሐኪሟ «ፀሐይ ያለበት ፊልም በኔ አዳራሽ አይታይም» ስላለች ግን ሳይወድ ተቀበለ። ሲታይ ማንም አልረገመም፤ ጥቂት ሰዎች ወረቀቱን ወሰዱ። አንድ አባት አህያዋን አይተው «የኔን ትመስላለች» አሉ።

ጠብታውን ጠዋትና ማታ እናቴ ናት የምታደርግላቸው። ይጣላሉ። ያቃጥላል ይላሉ፤ ዝም በል ትላለች፤ እንባ ነው ያደረግሽብኝ ይላሉ፤ ባደርግብህ ኖሮ ዱሮ ነበር ትላለች። ስንት ዓመት ያልሰማሁት ጭቅጭቅ ቤታችን ተመለሰ፤ እኔ በበኩሌ ደስ ብሎኛል።

አንድ ጠዋት ግን ፀጥ ሲል ጊዜ ወጥቼ አየሁ። ቁርሳቸውን በልተው ጨርቁ ፊት ቆመዋል። የከሰሉን መስመር አላራገፉትም። በራሳቸው ትንሽ ክብ ውስጥ የእመቤታችንን ፊት ነድፈው ጨርሰዋል፤ እንደዚያ ያማረ ፊት ሠርተው አያውቁም። ከክቡ ውጭ፣ መላእክቱና ሐዋርያቱ የሚቆሙበት ሰፊ ቦታ፣ ነጭ ነው። ወደ ጎን ሊሄዱ ብሩሹን ያነሣሉ፤ ራሳቸውን ያዞራሉ፤ የነበሩበት ይጠፋቸዋል፤ ይመለሳሉ። ሲፈልጉት ቀለሙ ብሩሹ ላይ ይደርቃል። ይህን ስንት ጊዜ እንዳደረጉት አላውቅም። እንዳየኋቸው ሳያዩኝ አወቁ።

«ዳር ዳሩን አንተ ትሠራዋለህ» አሉኝ።

«እኔ?» አልኩ። ብሩሽ ከያዝኩ ዘመናት አልፈዋል። በኮምፒውተር ስሳሳት አንድ ቁልፍ ተጭኜ እመልሰዋለሁ፤ ጨርቅ ላይ የተሳሳተ መልአክ ግን ለዘለዓለም ተሳስቶ ነው የሚኖረው። «ባበላሸውስ አባባ?»

ሁለተኛውን ብሩሽ ከኋላቸው ዘረጉልኝ፤ ዓይናቸው ከመሐሉ አልተነሣም።

«ብታበላሸው» አሉ፣ «እኔ እንደሆን አላየውም።»

ራሳቸው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቄ መሐል ላይ ተቋረጠ እንጂ። ብሩሹን ተቀብዬ ወደ ጨርቁ ግራ ዳር ሄድኩ፤ እዚያ ከቆምኩ እንደማያዩኝ ስለማውቅ እንባዬን አልጠረግሁም።